አንድ መቶኛ ሰከንድ

አስናቀው የራሱን ጆሮ የማያምን የድምፅ ባለሙያ ነበር። ጎንደር ውስጥ ስፒከር የሚያከራይ፣ የሚጠግንና የሚገጥም ሰው ሞልቷል፤ ሁሉም ዕቃው ፊት ቆሞ አንገቱን ዘንበል ያደርግና «ቤዙ ትንሽ ይጨመር» ይላል፤ ሥራው አለቀ። አስናቀው እንዲህ ሲሉ ሲሰማ ጥርሱን ያመዋል። ጆሮ ይዋሻል ባይ ነው። ጆሮ ጠዋት የሰማውን ማታ ይረሳል፤ ምሳ ካልበላ ይነጫነጫል፤ ባለ ዕቃው የተከበረ ሰው ከሆነ ደግሞ የተቀደደ ስፒከር ሳይቀር ያምርለታል። የማይዋሸው መለኪያ ነው፤ መለኪያ ደግሞ እሱ አለው።

መለኪያው ሲያዩት ዓይን አይሞላም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ እንደ እርሳስ የቀጠነች ማይክሮፎን፣ ከላፕቶፑ ጋር በገመድ የምትያያዝ፣ የልብስ ሳሙና የምታክል ጥቁር ሳጥን። ሳጥኗ ሳውንድ ካርድ ናት። ላፕቶፕ ሁሉ በሆዱ የራሱ ሳውንድ ካርድ አለው፤ ዘፈን ለመስማት ይበቃል፤ ለልኬት ግን አይታመንም፤ ድምፁን መቼ እንዳወጣና መቼ እንደተቀበለ በቅጡ አያውቀውም። የውጭዋ ሳጥን ሁለት መግቢያ አላት። በአንዱ ማይክሮፎኑን ትሰማለች። በሌላው ደግሞ አስናቀው አንዲት አጭር ገመድ ከመውጫዋ አዙሮ ስለሚሰካባት ራሷን ትሰማለች። ራሷን ስለምትሰማ ድምፁ ከእሷ የወጣበትን ቅጽበት ታውቃለች፤ ማይክሮፎኑ ጋ የደረሰበትንም ታውቃለች፤ በመካከሉ ያለፈውን ጊዜ እስከ ሺኛ ሰከንድ ድረስ ትቆጥረዋለች። አስናቀው ይህን ለሰው ሲያስረዳ ፊቱ ይበራል። ሰው ግን ብዙም አይከተለውም።

የሚከተለው ሰው ቢኖር የሥራ ባልደረባው ሚስጥር ናት። ከቴክኒክ ኮሌጅ ስትወጣ አብራው መሥራት ጀመረች፤ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሥራውን እኩል ይካፈላሉ። እሷን እስኪሰለቻት ድረስ ያስተማራት አንድ ነገር አለ። ሁለት ልኬት ለማወዳደር ሁሉም ነገር እንደነበረ መሆን አለበት፤ ስፒከሩ ከቦታው አይነቃነቅ፣ ማይክሮፎኑ አይነቃነቅ፣ የቀኑም ሰዓት ያው ይሁን። አየር ሲሞቅ ድምፅ ይፈጥናል፤ ሲበርድ ይዘገያል። ጠዋት የለካኸውን ከቀትር በኋላ ከለካኸው ጋር ብታነጻጽር፣ ፀሐይዋን እንጂ ስፒከሩን አልለካህም ይላል።

አንድ ሌላ አመል ነበረው። የላፕቶፑን ሰዓት በሐበሻ ሞልቶታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ነው የሚለኝን ማሽን አላይም ብሎ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሶታል። ሚስጥር፣ ይሄ ነገር አንድ ቀን ያምታታሃል ስትለው፣ ጎንደር ተቀምጬ በማን አገር ሰዓት ልኑር ብሎ ይስቅባታል።

በሰኔ መጀመሪያ ላይ ታላቅ እህቱ አየለች ከግራር ውሃ ደወለችለት። ግራር ውሃ ከአዲ አርቃይ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ወንዝ ይሻገራሉ፤ ከዚያ በቀይ ገደል ግርጌ ቤቶቹ ተደርድረው ይታያሉ። አየለች እዚያ አግብታ፣ እዚያው ባሏን ቀብራ፣ እዚያው ቀርታለች። አስናቀውን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርስ አላበቀለም ነበር። ስለዚህ እሷ ስትጠራው ወዲያው ይሄዳል። የጠራችው ለቤተ ክርስቲያናቸው ነው። የሚካኤል ምእመናን አዋጥተው የገዙት ድምፅ ማጉያ ስብከት አላሰማ ብሏቸዋል። ካህኑ አንድ ቃል ሲናገሩ ቃሉ ቀይ ገደልን መትቶ ይመለስና በሚቀጥለው ላይ ይተኛበታል፤ ሰዉ ሁለት ስብከት በአንድ ጊዜ እየሰማ ወደ ቤቱ ይገባል።

አስናቀው ሄደ። ማይክሮፎኑን በቅጥሩ በር አጠገብ አቆመ፤ ሳጥኗን ሰካ፤ የመለኪያውን ድምፅ ለቀቀ። ይህ ድምፅ ከምድር ሆድ እንደሚመጣ ጉርምርምታ ይጀምራል፤ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወጣል፣ መጨረሻው ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነው። ውሾቹ ተነስተው ሄዱ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር አያ ትዕዛዙ ጋቢያቸውን ሰብስበው ገደሉን ቀና ብለው አዩና፣ «ምነው ልጄ፣ ገደሉን በፉጨት ትጠራዋለህ?» አሉ። ቆመው የሚያዩት ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ላፕቶፑ ላይ መስመር ተሳለ። መጀመሪያ አንድ ረጅም ጫፍ፣ ከስፒከሩ በቀጥታ የመጣው ድምፅ ነው። ከዚያ ባዶ ሜዳ። ከዚያ፣ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ሁለተኛ አነስ ያለ ጫፍ፤ የገደል ማሚቶው እሱ ነው። አስናቀው ቁጥሩን አየና ሳያስብበት ከዚህ እስከ ገደሉ መቶ ሰባ ሁለት ሜትር ነው አላቸው። እዚያ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ የመጣው ስፒከሮቹን ዝቅ አድርጎ ፊታቸውን ከገደሉ ለማዞር ነው። ግን የሰዉን ዓይን ሲያይ ደስ አለው። ጎረምሶች ገመድ ቀጣጥለው ለካን፤ ሁለት ክንድ እንኳ አልሳተም ብለው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አየለችን የቻላት የለም። ወንዝ ስትወርድ፣ ወፍጮ ቤት ስትቆም፣ ወንድሜ ገደሉን ቁጭ ብሎ በጆሮው ለካው ትላለች። የሱ ጆሮ ምንም እንዳልሠራ ብታውቅ ኖሮ ምን ትል እንደነበር እንጃ።

ሐምሌ ገባ። የዘንድሮው ዝናብ ሌላ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አየለች ስልክ ወደሚሠራበት ጉብታ ወጥታ ደወለች፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። ከገደሉ ድንጋይ እየወረደ ነው፤ ትንንሽ ነው፣ ግን አላቋርጥ ብሏል። ምንጩ ደፍርሶ ቀይ ሆኗል። የቤቷ በር አልገጥም ብሏታል፤ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል ትላለች፤ ግን የጎረቤቷም አልገጥም ብሏል። የገደሉ አናት በጉም ከተሸፈነ ሁለት ሳምንቱ ስለሆነ ምን እንደሆነ ያየ የለም። አያ ትዕዛዙ ሕዝቡን ሰብስበው ከገደሉ ሥር ያሉት ሁሉ ጉብታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይውጡ ብለው፣ ወጥተዋል። ከብቱም ሰዉም አንድ ላይ ነው።

የአየለች ጭንቀት ስለ ራሷ አልነበረም። ጎረቤቷ ማሬ ከወለደች አራተኛ ቀኗ ነው። ከባሏ ከውድነህና ከአማቷ ጋር አንድ ክፍል ጥግ ይዛለች፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፣ አራሷ ታስላለች። እዚህ ከቆየች ገደሉ ሳይሆን ብርዱ ይገድላታል አለች። ሰዉ ደግሞ አንድ ነገር አስቧል፤ ያ መሣሪያህ ይምጣና ገደሉ ከቦታው ተነቃንቆ እንደሆነ ይንገረን ብሏል።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። አስናቀውም እንዴት እኔ ቀድሜ አላሰብኩትም ብሎ ተቆጨ። ማሚቶው ከሰኔው ቀድሞ ከመጣ ገደሉ ቀርቧል ማለት ነው፤ በዚያው ሰዓት ከመጣ ቆሟል። ሚስጥር ለሌላ ሥራ ወደ አዲ አርቃይ ለመውረድ ተነስታ ነበርና ላፕቶፑንና ሳጥኗን ሰጣት። አንድ ሆቴል አድራ በማግስቱ ወንዙን ተሻገረች፤ አስናቀው በሰኔ ምልክት ባደረገበት ቦታ ማይክሮፎኑን አቁማ ስፒከሩን ወደ ሰኔው አቅጣጫ መለሰችው፤ ለካች። ከዚያ ተመልሳ ወደ ሥራዋ ሄደች፤ ውጤቱን በስልክ የላከችለት አመሻሹ ላይ ነው።

አስናቀው ሱቁ ውስጥ ብቻውን ነበር። ሁለቱን መስመሮች በሱቁ ኮምፒውተር አንዱን ባንዱ ላይ አስተኛቸው። የመጀመሪያዎቹ ጫፎች አንድ ላይ ገጠሙ። ሁለተኛዎቹ አልገጠሙም። የሐምሌው ማሚቶ ከሰኔው በአንድ መቶኛ ሰከንድ ቀድሞ መጥቷል።  አንድ መቶኛ ሰከንድ ወደ ርቀት ሲቀየር ወደ አንድ ሜትር ከሰባ ነው፤ የአንድ ሰው ቁመት። ገደል የሰው ቁመት ያህል ወደ ቤቶች ተራምዷል ማለት ነው።

ከዚያ ላፕቶፑ ፋይሎቹ ላይ የጻፈውን ሰዓት አየ። የሰኔው ሦስት ሰዓት ከአሥር ይላል፤ ያን ቀን ያስታውሰዋል፤ ጠዋት ነው፣ ዝናብ ጥሎ አድሮ ብርዱ ጣት ያሳምም ነበር። የሐምሌው ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ይላል። ተነፈሰ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ፣ ቆላው ሲሞቅ። ድምፁ የፈጠነው አየሩ ስለሞቀ ነው። ወረቀት አውጥቶ አሰላው፤ አንድ መቶኛ ሰከንድ ለማትረፍ ስድስት ዲግሪ ሙቀት ይበቃል። በአዲ አርቃይ በኩል በጠዋትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል ስድስት ዲግሪ ቢጨምር ማን ይገረማል? ሒሳቡ ሳይተርፍ ሳይጎድል ገጠመ። ያሳሳተው ይሄው ልክ መግጠሙ ነው። ትንሽ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ኖሮ ይጠራጠር ነበር። ይልቅስ ሚስጥር ላይ ተናደደ፤ በሌላ ሰዓት አትለኪ ብሎ ስንት ጊዜ አስተምሯታል። ግን ደውሎ አልጠየቃትም። የሰጠውን ትምህርት ሰው ይረሳዋል ብሎ ማመን ለሱ ሁልጊዜ ቀላል ነበር።

አየለች ጉብታው ላይ ሆና ስልኩን እየጠበቀች ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«እሺ፣ ምን አለ መሣሪያው?»

«ገደሉ ከቦታው አልተነቃነቀም፣ እታለም። ትንሽ ልዩነት አለ፤ እሱ ያየሩ ሙቀት ነው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አስልቸዋለሁ።»

 ከኋላዋ ነፋሱ ይሰማል፤ የሆነ ቦታ ጥጃ ይጮሃል። «ታዲያ እንግባ?» አለች።

«ግቡ።»

አንድ ቃል ናት። እሱ በልቡ ያሰበው እህቱን ብቻ ነበር፤ አፉ ግን ለብዙ ሰው ተናገረ፤ እሷም ለብዙ ሰው ሰማችው።

ይህ የሆነው በሮብ ቀን ነው። ሐሙስና ዓርብ ሥራ በዛበት፤ የምረቃ ሰሞን ስለሆነ ያልተከራየ ስፒከር አልነበረም። አንድ ሁለቴ ግራር ውሃ ትዝ አለው፤ የመጣለትም እፎይታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚስጥር ከአዲ አርቃይ ገብታ ዕቃውን ስታራግፍ፣ ሄለን የምትባል የባንክ ሠራተኛ ለወንድሟ ምረቃ ዕቃ ልትከራይ ሱቁ ገባች። ነገ ነው አለች። አስናቀው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናደርስልሻለን አላት። እሷም የጥሪ ካርዱን ከቦርሳዋ እያወጣች፣ ማንም ጎንደሬ በቀን አሥሬ የሚጠይቀውን ጠየቀች።

«በሐበሻ ነው በፈረንጅ?»

አስናቀው በሐበሻ ነው እንጂ ብሎ ሳቀ። ሚስጥርም ከኋላ ሆና ሳቀች፤ ላፕቶፑን ከሻንጣው እያወጣች፣ «ያንተ እንኳ ፈረንጅ ሆኗል፤ እንዳትቆጣኝ» አለችው። አዲ አርቃይ የደረሰች ዕለት ከሆቴሉ ኢንተርኔት ጋር ስታገናኘው ሰዓቱን ራሱ አስተካከለው፤ ልመልሰው ብላ ረሳችው።

አስናቀው ብዕሩን አስቀመጠ። ግራር ውሃ ከመሄድሽ በፊት ነው በኋላ ብሎ ጠየቃት። በፊት ነው አለች። ሄለን የጥሪ ካርዱን እንደያዘች ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የለካሽው?»

«ጠዋት ነዋ። ሦስት ሰዓት ከምናምን። ሰዓቱ ያው ይሁን ትለኝ የለ?»

«ፀሐይ ነበር?»

«የምን ፀሐይ? ካፊያ ነበር። እጄ ደንዝዞ ገመዱን መሰካት አቅቶኝ ነበር።»

ሱቁ ውስጥ ምንም አልተለወጠም። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ስፒከሮች እንደነበሩ ናቸው፤ ውጭ ባጃጅ ያልፋል። አስናቀው ግን ቆሞ የነበረበት ወለል ያዘነበለ መሰለው። ሙቀት አልነበረም። ሁለቱም በጠዋት፣ ሁለቱም በብርድ ነው የተለኩት። ሚስጥር እንዳስተማራት አንድም ሳታጎድል ነው የሠራችው። ሳጥኗም እንደ ልማዷ እውነቱን ነው የተናገረችው፤ የአንድ ሰው ቁመት። ያን ዕለት ጠዋት ይህን ያህል ከቀረበ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ዘንቧል።

ደወለ። የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም አለችው ያቺ ሴትዮ፤ ድምፅዋ ያለ ምንም ሐሳብ ነው የሚናገረው። አያ ትዕዛዙ ጋ ደወለ፤ ያው ነው፤ ዝናቡ የጉብታውንም መስመር ሳያጠፋው አልቀረም። ሚስጥር ያደረችበት ሆቴል ደውላ ባለቤቱን ሰው ይላኩልን ብላ ለመነች። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን እስከ ወንዙ ላኩት፤ ከሰዓት በኋላ መልሰው ደወሉ። ወንዙ ሞልቷል፤ በገመድም የሚሻገር የለም፤ ማዶ ላለ ሰው ቢጮኽም ውሃው ድምፁን ውጦታል።

አስናቀው ግን ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር። ሚኒባሱ ደባርቅ ሲደርስ ሾፌሩ በዚህ ጉም ሊማሊሞን አልወርድም፣ ነገ ሲነጋ እንወርዳለን አለ። አስናቀው ለመነው፤ ተቆጣው፤ እንደገና ለመነው። ሾፌሩ አሥራ ስድስት ሰው ጭኛለሁ፤ ላንተ እህት ብዬ የእነዚህን እናት አላስለቅስም አለው። እውነቱን ነው። በግራር ውሃ ሰዎች ላይ የፈረደ እሱ እንደሆነ ለሾፌሩ መናገር አልቻለም።

እሑድ ማለዳ ወረዱ። ሊማሊሞ ላይ ጉሙ ከመኪናው አፍንጫ በፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደብቆታል፤ ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ በጆሮው ነው የሚነዳው፤ ከታች የሚመጣ መኪና ካለ ጥሩንባውን ይሰማል። አስናቀው ዓይኑን ጨፍኖ ያሰላል። የሰው ቁመት በስድስት ሳምንት ቢሆን በቀን ሁለት ጣት ነው። ግን እኩል አይሄድም፤ መጀመሪያ ዝግ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ይፈጥናል። ስንቱ በሰኔ፣ ስንቱ በሐምሌ? ሁለት ልኬት ብቻ ይዞ ይህን ማወቅ አይቻልም። ሦስተኛ ልኬት ቢኖረው ምናለ ብሎ ተመኘ። ሦስተኛውን ግን ገደሉ ማለዳ ላይ ራሱ ለክቶታል፤ አዲ አርቃይ መናኸሪያ ሲደርሱ ሰዎች ቆመው የሚያወሩት እሱን ነበር።

ወንዙ ጎድሏል፤ እስከ ጉልበት ነው። ተሻገረ። ከወንዙ ማዶ ያለው መንገድ የሚያውቀው መንገድ ነው፤ ቀና ሲል የሚያየው አገር ግን የማያውቀው ነው። ቀይ ገደል ወገቡ ላይ ተቆርሶ ትኩስ ቁስል ይመስላል። ግርጌው ላይ ቤቶች በነበሩበት ቦታ አፈርና ድንጋይ ተከምሯል፤ ከመሐሉ አንድ ባሕር ዛፍ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ይታያል። ጉብታው ላይ ግን ትምህርት ቤቱ አለ። ሰውም አለ፤ ብዙ ሰው፣ ከብት፣ የተሰጣ ልብስ። አስናቀው መቁጠር ጀመረ፤ ቁጥሩ እየተምታታበት እንደገና ጀመረ። አልገቡም። አላመኑኝም። ተመስገን አላመኑኝም እያለ ሽቅብ ሮጠ።

አየለችን አየ። በሕይወት አለች። በአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ጭቃ ነው።  ሲጠጋ ግን ዙሪያዋ ባዶ መሆኑን አስተዋለ። ጉብታው ሰው ሞልቶበት ሳለ እሷ ከተቀመጠችበት በአሥር እርምጃ ውስጥ የቆመ ሰው አልነበረም።

አያ ትዕዛዙ ወደ ጎን ስበው ነገሩት። ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም፤ አስናቀው ግን ቁጣ ይሻለው ነበር። አየለች ሮብ ዕለት ያንተን ቃል ስትነግረን ተመካከርን አሉ። መሣሪያው ሸጋ ነው፤ ነገር ግን ምንጩ ደፍርሶ ሳለ አንወርድም፣ ሳምንት እንጠብቅ አልን። እሷ ግን አራሷን አየች። ወንድሜ ለክቶታል፤ በዚህ ሲሚንቶ ላይ ከምትሞት ቤቷ ትግባ ብላ ውድነህን ለመነችው። ውድነህ አመነ። አብረው ወረዱ፤ የሷና የሱ ቤት ብቻ። ዛሬ ሰንበት ነው፤ ሌሊቱን ተነስተው እሷና ውድነህ ኪዳን ለማድረስ ቤተ ክርስቲያን መጡ። አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ማሬ ከሕፃኑ ጋር ቤት ቀረች፤ አማቷም አራሷን ሊጠብቁ ቀሩ። ፀሎቱ ሳያልቅ ገደሉ ወረደ።

«ሕፃኑ ክርስትና አልተነሣም» አሉ አያ ትዕዛዙ። «ስም አልወጣለትም። ሴቶቹ ሊያለቅሱለት ፈልገው በምን ይጥሩት?»

ታች ክምሩ ላይ ሰዎች ይቆፍራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቀና ብሎ አስናቀውን አየውና አካፋውን እንደያዘ ወደ ላይ መጣ። ውድነህ ነው። እስከ ቅንድቡ ጭቃ ነው። ሌሎቹም ተከትለውት ወጡ።  ያን ጊዜ አየለች ከድንጋዩ ተነስታ መጣችና የአስናቀውን እጅ ያዘች፤ በሕፃንነቱ ገበያ ስትወስደው እንደምትይዘው አጥብቃ ያዘችው።

«ከጠዋት ጀምሮ ከራስሽ አውጥተሽ ነው ይሉኛል» አለች። «ንገራቸው። እኔ ከራሴ አላወራሁም በላቸው።»

አስናቀው የሰዎቹን ፊት አየ። መሣሪያው ተሳሳተ ቢል ያልፍ ነበር። ሳጥን ናት፤ አትናገርም፤ ማንም አይመረምራትም። አየለችም ትድናለች፤ እሱም ይድናል። ይህ ሐሳብ መጣለት፤ መምጣቱን ራሱ ጠላው።

«የነገረቻችሁ የኔን ቃል ነው» አለ። «አንድ ቃል አልጨመረችም። መሣሪያውም አልተሳሳተም፤ ገደሉ እንደቀረበ በግልጽ ተናግሯል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። በጠዋት የተለካውን ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ አነበብኩት።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ከገደል ጋር ምን እንዳላቸው የገባው ሰው አልነበረም፤ ማብራራት ቢጀምር ደግሞ ምክንያት መደርደር ይመስልበታል። ውድነህ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈበት።

«ቀርቦ ነበር?» አለ።

«አዎ።»

«በስንት?»

አስናቀው መልሱን ያውቀዋል። ነጻ እጁን አንስቶ ከራሱ አናት እስከ እግሩ አመለከተ። ውድነህ እጁ የሄደበትን መንገድ ከላይ እስከ ታች ተከትሎ አየ።  አካፋውን ነቅሎ ወደ ክምሩ ተመለሰ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አስናቀው ጫማውን አውልቆ ሊከተላቸው ሲል አየለች እጁን አልለቀቀችም ነበር። አሁን ግን ጣቶቿ አንድ በአንድ ላሉ።

«እንዲህ በል አላልኩህም» አለች፤ ከእሱ በቀር ማንም እንዳይሰማ ዝቅ ብላ። «ወንድሜ አይሳሳትም እያልኩ ነው የዋልኩት።»